ሰመሩ ሳይገባ ኤሲያችንን እንክፈት

በዋሽንግተን ዙሪያ የምትኖሩ ወገኖች፣ የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ጎረቤቶች! ዘንድሮ ሙቀቱ እስኪያስጨንቀን አንጠብቅ። በየእድራችን ተነጋግረን የየቤታችንን ኤሲ እናስከፍት፣ እናስጠርግ፣ የአልትራቫዮሌት መብራት እናስገጥምለት።

ቤዝመንት የቆመውን የሴንትራል ኤሲ ሣጥን ከፍቶ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። አየሩን የሚያቀዘቅዘው ኮይል ሰመሩን ሙሉ ላብ እንዳላበው ነው። ጨለማ ውስጥ ነው፤ ከፊልተሩ ያመለጠው አቧራም እላዩ ላይ ይጋገራል። ሻጋታ ሌላ ምን ይፈልጋል? ከሥሩ ያለው የውሃ መቀበያ ከተደፈነ ደግሞ ይብሳል። ልጆቻችን ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሱት አየር በዚህ ላይ አልፎ የመጣ ነው። አስም ያለበት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ይህን እያወቅን እንዴት እንተኛለን?

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ዳውንስና ብለንት የተባሉ ተመራማሪዎች የፀሐይ ብርሃን ባክቴሪያን እንደሚገድል ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1877 ነበር። በዚያው መርህ ዛሬ ከኮይሉ ፊት የሚገጠመው የአልትራቫዮሌት መብራት 254 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ጨረር ይረጫል፤ ጨረሩ የተህዋስያኑን ዲኤንኤ ስለሚጎዳ መራባት ያቅታቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት ያወጣው የሞንትሪያል ጥናት ይህን በሦስት የቢሮ ሕንፃዎች ፈትሾታል። ጨረሩ ባረፈበት ቦታ ብክለቱ 99 በመቶ ቀነሰ፤ ሠራተኞቹም ከአፍንጫና ከመተንፈሻ ሕመማቸው ቀለል አላቸው። ጥናቱ ቢሮ ውስጥ ቢደረግም፣ በእኛም ቤት ያለው ያው እርጥብ ኮይል ነው።

ግን እንዳንታለል! «የቤታችሁን አየር በሙሉ ያጸዳል» የሚል ሻጭ አትመኑ። አየሩ በመብራቱ ፊት ሽው ብሎ ያልፋል፤ ኮይሉ ግን ባለበት ቆሞ ሌት ተቀን ስለሚበራበት ጥቅሙ እዚያ ላይ ነው። የቆሸሸ ኮይል መጀመሪያ ይታጠብ። ኦዞን የሚያመነጭ መብራት ደጃችሁን አይርገጥ፤ ሳንባ ይጎዳል። ጨረሩ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ኤሌክትሪኩ ሳይጠፋ ሣጥኑን ማንም አይክፈት። መብራቱ ሰማያዊ እየበራም ኃይሉ ስለሚደክም በዓመት ገደማ ይለወጥ፤ ሜርኩሪ አለበትና ቆሻሻ ውስጥ አይጣል።

ለምን በጋራ? አንድ ቤት ብቻውን ሲጠይቅ የተጠራለትን ዋጋ ይከፍላል። ሃያ ቤት አንድ ላይ ሲመጣ ዋጋ ይደራደራል፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ መርጦ ከቤት ቤት ያዞራል፤ አቅም ለሌላቸው አረጋውያንም ወጪውን ይጋራል። እድራችን ሰው ሲሞት ብቻ ሳይሆን ሰው በጤና እንዲኖርም ይቁም!

ተከራዮችም አትቅሩ። አፓርታማ ውስጥ ያላችሁ በአንድ ደብዳቤ ላይ ሁላችሁም ፈርሙና ለአከራዩ ስጡ፦ ኮይሉ ይጠረግ፣ ፊልተሩ በጊዜው ይለወጥ በሉ። እንግሊዝኛው ለከበዳቸው እናቶችና አባቶች ወጣቶች ደብዳቤውን ጻፉላቸው። የእድር ሰብሳቢዎች፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን የመጀመሪያ አጀንዳ አድርጉት፤ መመዝገቢያው በዚያው ዕለት ይከፈት።