ጠያቂውን ማን ይጠይቀው?

በቅድሚያ አንድ ነገር ላይ እንስማማ። የዩኒቨርሲቲ ግቢ ጥበቃ ያስፈልገዋል። ሌሊት ላይብረሪ በር ላይ ቆሞ መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው መኖሩን አንቃወምም። የእኛ ጥያቄ ሁለት ነው። የሚጠየቀው ሁሉም ነው ወይስ መልኩ ያላማረ ብቻ? ጠያቂው ሲያጠፋስ እሱን ማን ይጠይቀዋል?

በቆዳ ቀለም መጠርጠር ሲነሳ የአሜሪካ ግቢዎች ብዙ ያስተምራሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

በኖቬምበር 2006 በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ፣ አንድ የኢራን ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ተማሪ ላይብረሪ ውስጥ መታወቂያ ተጠየቀ። አላሳየም። ምክንያቱ በመልኬ ለይተው ጠየቁኝ ብሎ ማሰቡ እንደነበር ጠበቃው በኋላ ተናገረ። የግቢው ፖሊሶች መጥተው በኤሌክትሪክ ማደንዘዣ (ቴዘር) ደጋግመው መቱት። ሌላ ተማሪ ቀረጸው፤ ዓለም አየው። ከዚያስ? የግቢው ፖሊስ ራሱን መርምሮ ከመመሪያ አልወጣንም አለ። ከውጭ የመጣው መርማሪ ደግሞ በ2007 መመሪያው ተጥሷል ሲል ደመደመ። አንድ ድርጊት፣ ሁለት መርማሪ፣ ሁለት መልስ! ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚባለው ለካ እዚያም ይሠራል። በ2009 ዩኒቨርሲቲው 220,000 ዶላር ከፍሎ ነገሩ በስምምነት ተዘጋ።

የሲንሲናቲው ይብሳል። በጁላይ 2015 የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ፖሊስ ከግቢው ውጪ አንድ የ43 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊን የፊት ታርጋ የለህም ብሎ አስቆመው። ከደቂቃዎች በኋላ ጭንቅላቱን በጥይት መትቶ ገደለው። መኪናው እየጎተተኝ ነበር ሲል ተናገረ፤ ደረቱ ላይ የነበረችው ካሜራ ግን ሌላ ታሪክ አሳየች። ፖሊሱ በነፍስ ግድያ ተከሶ ሁለት ጊዜ ችሎት ቢቀርብም የጁሪ አባላቱ መስማማት ስላቃታቸው በ2017 ክሱ ተቋረጠ። ዩኒቨርሲቲው ለሟች ቤተሰብ 4.85 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና 12 ልጆቹን በነፃ ለማስተማር ተስማማ። ላባረረው ፖሊስም በ2018 ወደ 344,000 ዶላር ከፈለ። ካሜራዋ ባትኖር ኖሮ የምንሰማው የፖሊሱን ቃል ብቻ ነበር።

«ፖሊሱ በልቡ ዘረኛ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አላችሁ?» የሚሉን አይጠፉም። የለንም፤ አያስፈልገንምም። ልብ አይመረመርም፤ መዝገብ ግን ይመረመራል።

ችግሩ መዝገቡ ሁልጊዜ አለመከፈቱ ነው። የኢንዲያና ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 የኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ፖሊስ የግል ተቋም አካል ስለሆነ የስቴቱ የሕዝብ መዝገብ ሕግ አይመለከተውም ብሎ ወስኗል። ልብ በሉ! እንደ ፖሊስ የሚያስር፣ እንደ ግል ድርጅት የሚደብቅ! ካሊፎርኒያ በአንጻሩ በ2015 ባወጣችው ሕግ የራሷን ዩኒቨርሲቲዎች ፖሊሶች ጨምሮ ያስቆሙትን ሰው ዘር እንደመሰላቸው፣ ያስቆሙበትንም ምክንያት መዝግበው እንዲያቀርቡ አስገድዳለች። ስለዚህ ከተፈለገ ይቻላል ማለት ነው።

ይህ እኛን ምን አገባን የምትሉ ካላችሁ፣ ስኮላርሺፕ ፍለጋ ስንቶቻችን ፎርም እየሞላን እንደሆነ አስቡ። እዚያ ስንደርስ «እኛ እንኳ አበሻ ነን» ማለት የሚቀናን ሞልተናል። በር ላይ የቆመው ሰው ግን የዘር ሐረግ አይቆጥርም፤ የሚያየው ቆዳችንን ነው። የጥቁር አሜሪካዊው አቤቱታ የእኛም የሚሆነው ለዚህ ነው።

የምንጠይቀው ቀላል ነው። መታወቂያ የሚጠየቅ ከሆነ የገባው ሁሉ ይጠየቅ። የተያዘው ሰው ለምን እንደተያዘ ይጻፍ፤ የተጻፈውም ይከፈት። ጥፋት ሲፈጠር ደግሞ መርማሪው ደመወዙን ከተመርማሪው ቤት የማይቀበል ይሁን። ይህ ሳይሟላ የሚሰጠን «አጣርተናል» የሚል መግለጫ፣ ለእኛ ገና ያልተጣራ ነው።