ርምጃ የሚቆጥር ሰዓት እንግዛ ወይስ ይቅርብን?



በቅርቡ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለ አንዲት እኅታችን አዲስ የእጅ ሰዓት አስራ መጣች። ጊዜን ብቻ የሚናገር ሰዓት አይደለም። ርምጃ ይቆጥራል፣ የልብ ምት ይለካል፣ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደተኛሽም ይናገራል። ሁላችንም ከበብናትና «እስቲ ትናንት ስንት ርምጃ ሄድሽ?» አልናት። ከፍታ አሳየችን። 17,400 ይላል። ቅዳሜ ዕለት ግን ከአሠሪዎቿ ደጃፍ አልወጣችም። ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ልጆቹ ክፍል ስትመላለስ ነው ይህን ሁሉ የሄደችው።

ከዚያ ደግሞ የባሰውን ነገረችን። ማታ ከ4 ሰዓት ጀምሮ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆማ ልብስ ትተኩሳለች። ካውያው በቀኝ እጇ፣ ሰዓቱ በግራ እጇ ነው። ግራ እጇ ስላልተወዛወዘ ሰዓቱ ነዘረና «ብዙ ተቀምጠሻል፣ ተነሥተሽ ተንቀሳቀሺ» አላት። በሳቅ ፈረስን። ጠዋት ስትነሣ ደግሞ «4 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ተኝተሻል፣ እንቅልፍሽ አነስተኛ ነው» ብሎ ጻፈላት። «ይህንንማ ያለ እሱም አውቀዋለሁ» አለች። በዚህ ጊዜ ግን ማንም አልሳቀም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ብዙ እኅቶች «እኔስ ልግዛ? ገንዘቡን ያህላል?» እያሉ ጠይቀውኛል። እኔ የማስበውን እነሆ ጽፌያለሁ። ውሳኔው የእያንዳንዳችሁ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ከመካከላችን አንዷ ለራሷ ዕቃ በገዛች ቁጥር «ይህን ለእናትሽ ብትልኪው አይሻልም ነበር?» የሚል አይጠፋም። ለቤተሰብ መላክ መልካም ነው፤ የመጣነውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ልካ ልካ አንድ ቀን ለራሷ አንድ ነገር የገዛች እኅት በደለኛ አይደለችም። ስለዚህ እዚህ ላይ የምጠይቀው «ለራስሽ መግዛት ይገባሻል ወይ?» ብዬ አይደለም። ይገባሻል። የምጠይቀው «ይህ ዕቃ የምትከፍይበትን ይሰጥሻል ወይ?» ብዬ ነው።

ሰዓቱ ምን ያውቃል? ምን አያውቅም?

ዋጋው ብዙ ዓይነት ነው። መንገድ ዳር በ10 እና በ15 ዶላር የሚሸጥ አለ። እንደ ሻዎሚ ያሉት ቀጭን አምባር የሚመስሉት ከ30 እስከ 50 ዶላር አካባቢ ናቸው። የአፕል እና የሳምሰንግ ደግሞ ወደ መቶዎች ይገባሉ።

ሰዓቱ ከጀርባው አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልካል። ደም በሥር ውስጥ ሲመታ የሚመለሰው ብርሃን ከፍ ዝቅ ይላል፤ በዚህም የልብን ምት ይቆጥራል። እጅ ሲወዛወዝ ደግሞ ርምጃ ይቆጥራል። በዚህ ላይ ሻል ያሉት ሰዓቶች ደህና ይሠራሉ። እዚህ ላይ ለእኛ የሚሆን አንድ ማስታወሻ አለ። አፕል ራሱ እንደሚያስታውቀው በቆዳ ላይ ያለ ንቅሳት ብርሃኑን ሊጋርደው ይችላል። የእጅሽ አንጓ ላይ የተነቀሰ መስቀል ካለሽ ሰዓቱን በሌላኛው እጅሽ እሰሪው።

«ይህን ያህል ካሎሪ አቃጠልሽ» የሚለውን ግን አትመኑት። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ሰባት ዓይነት የእጅ መለኪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትነው ነበር። የልብ ምትን ስድስቱ በደንብ ለኩ። ካሎሪን ግን በትክክል የለካ አንድም አልነበረም። የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ተሳስቷል፤ የባሰው 93 በመቶ። ቦርጭ ለመቀነስ ብላችሁ በዚህ ቁጥር ምግባችሁን የምትመጥኑ ካላችሁ ተጠንቀቁ።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ግን የርካሾቹ ሰዓቶች ነገር ነው። «የደም ግፊት ይለካል፣ ስኳርም ይለካል» ተብሎ ሣጥናቸው ላይ ተጽፎ ይሸጣሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በየካቲት ወር 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስጠንቀቂያ ቆዳን ሳይበሱ በራሳቸው ስኳር እንለካለን ከሚሉ ሰዓቶችና ቀለበቶች አንዱንም እንዳልፈቀደ ገልጾ፣ ሕዝቡ እንዳይጠቀምባቸው አሳስቧል። የስኳር ሕመም ያለባት እኅት በእንዲህ ያለ ሰዓት ታምና መድኃኒቷን ብታበዛ ወይም ብታስቀር ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል። ግፊትም እንደዚሁ ነው። ግፊት እንዲለኩ የተሠሩት የሳምሰንግ ሰዓቶች እንኳ በየ28 ቀኑ ክንድ ላይ በሚጠመጠም መለኪያ መስተካከል አለባቸው። ታዲያ የ15 ዶላሩ ሰዓት ያለ ምንም ማስተካከያ ከየት አምጥቶ ያውቀዋል?

10,000 ርምጃ ከየት መጣ?

ሰዓቱ በቀን 10,000 ርምጃ እንድትሄጂ ይገፋፋሻል። ይህ ቁጥር የተስፋፋው ከአንድ የሽያጭ ዕቃ ስም ነው። የቶኪዮ ኦሊምፒክ በተካሄደ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ የጃፓን ኩባንያ ርምጃ የሚቆጥር መሣሪያ ለገበያ ሲያወጣ ስሙን «ማንፖኬ» አለው። ትርጉሙም የ10,000 ርምጃ መለኪያ ማለት ነው። ቁጥሩ ለሽያጭ የተመረጠ ነው። መራመድ ጤና ነው፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን 10,000 የተቀደሰ ቁጥር አይደለም።

ለእኛ ደግሞ ጉዳዩ ሌላም ገጽታ አለው። እኛ ርምጃ አላነሰንም። ያች እኅታችን ቤት ውስጥ ሆና 17,400 ሄዳለች። ታዲያ ጤነኛ ናት ማለት ነው? ሰዓቱ «እሰይ፣ ጎበዝ» ይላታል። ጉልበቷና ወገቧ ግን እንደዚያ አይሉም።

በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ከ104,000 በላይ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሞ ነበር። በዕረፍት ጊዜያቸው ብዙ የሚንቀሳቀሱ ሰዎች የልብ ሕመም አደጋቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። በሥራቸው ብዙ የሚደክሙ ሰዎች ግን አደጋቸው ከፍ ያለ ነበር። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት በእግር ለመናፈስ የወጣ ሰው ሲደክመው ያርፋል። በሥራ የሚደክም ሰው ግን ለብዙ ሰዓት ያጎነብሳል፣ ይሸከማል፣ ልቡም ቀኑን ሙሉ ዕረፍት ሳያገኝ ይመታል። ሰዓቱ ሁለቱንም ርምጃ እኩል ይቆጥራቸዋል። ሰውነታችን ግን እኩል አይቆጥራቸውም።

ስለዚህ እኛ የጎደለን ርምጃ ሳይሆን ዕረፍት ነው። ዕረፍት ደግሞ በልመና የሚገኝ ችሮታ መሆን አልነበረበትም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 ስለ ሰንበት የተሰጠው ትእዛዝ የቤቱን ጌታ ብቻ ሳይሆን በቤቱ የምታገለግለውንም ጨምሮ ይናገራል። እዚህ ሊባኖስ የ1946ቱ የሠራተኛ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጪ አድርጎናል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው አንድ ወጥ የሥራ ውል ላይ ሌሊት ቢያንስ 8 ተከታታይ ሰዓት፣ በሳምንት ደግሞ ከ24 ተከታታይ ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት እንዲኖረን ተጽፏል። ውሉ በዐረብኛ ስለሆነ ብዙዎቻችን ሳናነበው ፈርመናል። ሰዓቱ «4 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ተኛሽ» ሲልሽ፣ ከዚያ በላይ እንደሚገባሽ በተፈረመ ወረቀት ላይ መኖሩን እወቂ።

ሰዓቱ የማን ስልክ ላይ ነው?

እነዚህ ሰዓቶች ብቻቸውን ብዙ አይናገሩም። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይገናኛሉ፣ የለኩትንም ሁሉ ወደ ስልኩ ይልካሉ። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ስልኩ የማን ነው የሚለው ነው። ማዳም በበዓል ቀን «ስጦታ ነው» ብላ ሰዓት ብትሰጥሽ አመስግነሽ ተቀበዪ። ነገር ግን ሰዓቱ የተገናኘው ከእሷ ስልክ ጋር ከሆነ፣ መቼ እንደተኛሽ፣ መቼ እንደነቃሽ፣ መዝግበሽ ከሆነም የወር አበባሽን ጊዜ ሳይቀር ልታይ ትችላለች። ሲም ካርድና ጂ.ፒ.ኤስ. ያለው ከሆነ ደግሞ የዕረፍት ቀንሽን የት እንዳሳለፍሽ ቁጭ ብላ ትከታተላለች። ይህ የፈጠራ ወሬ አይደለም። የጀርመን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 ለልጆች የሚሸጡ፣ ሳይታወቅ በዙሪያው ያለውን ድምፅ ለማዳመጥ የሚያስችሉ ሰዓቶች እንዳይሸጡ ከልክሏል።

ሁሉም አሠሪ እንዲህ ያደርጋል ማለቴ አይደለም። ደግ የሆኑ ብዙ አሉ። ሆኖም በራስሽ ስልክ ልታዪው የማትችዪውን ሰዓት እሑድ ስትወጪ ፈትተሽ ቤት ብታስቀምጪው ነውር የለውም። «እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው» በይ፤ ይበቃል።

ሌላው ደግሞ የሥራችን ጠባይ ነው። እጃችን ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ነው። ሳሙና፣ ክሎሮክስና የፈላ ውኃ ሰዓቱን የሚከላከለውን ጎማ እየበሉ ያደክሙታል። «ውኃ አያስገባም» የተባለ ሰዓት ለዘለዓለም አያስገባም ማለት አይደለም። ከላስቲኩ ሥር እርጥበት ሲቀር ደግሞ ቆዳ ይቆጣል። ስለዚህ ለሥራ ስትገቢ ማውለቅ ይኖርብሻል፤ ካወለቅሽው ደግሞ ምን ይቆጥራል?

እንግዲህ ምን ይሻላል?

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። አብዛኞቻችን ይህ ሰዓት አያስፈልገንም። ርምጃ ማየት ብቻ ከፈለግሽ ኪስሽ ውስጥ ያለው ስልክ በነጻ ይቆጥርልሻል። የልብሽን ምት ለማወቅ ሁለት ጣትሽን ከአውራ ጣትሽ በታች አንጓሽ ላይ አድርጊ፣ 30 ሴኮንድ ቆጥረሽ በሁለት አባዢ። አርፈሽ ተቀምጠሽ ሳለ ከ60 እስከ 100 ከሆነ ደህና ነው።

በዚያው ገንዘብ ግን ክንድ ላይ የሚጠመጠም የደም ግፊት መለኪያ መግዛት ይቻላል። እሑድ እሑድ በምትሰበሰቡበት ቤት አምስት ወይም ስድስት እኅቶች አዋጥታችሁ አንድ ግዙ። 5 ደቂቃ ካረፋችሁ በኋላ ተለኩ። ከ120 በ80 በታች መልካም ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክታችሁ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ግፊት ሳያሳምም ውስጥ ውስጡን የሚጎዳ በሽታ ነውና። ደረትሽን ሲያምሽ ወይም ትንፋሽ ሲያጥርሽ ግን ማንኛውንም መለኪያ አትጠብቂ፤ ወዲያው ሰው ጥሪ።

ሰዓቱን የምትፈልገው እኅትም ብትሆን አትከፋ። የዕረፍት ቀን ካለሽ፣ በባሕር ዳር በኮርኒሽ መራመድ ከጀመርሽ፣ ቁጥሩን ማየት የሚያበረታሽ ከሆነ ግዢ። ነገር ግን ርካሽ ከሆኑት ከታወቁት መካከል ይሁን፣ በራስሽ ስልክ ይከፈት፣ ስለ ግፊትና ስለ ስኳር የሚነግርሽን አትመኚ። ለመግዛትም አትበደሪ።

ለሁላችሁም ግን አንድ ዕቃ እንድትገዙ እመክራለሁ። ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደተነሣሽ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛሽ፣ የዕረፍት ቀን ማግኘት አለማግኘትሽን፣ ደመወዝ የተቀበልሽበትን ቀን ጻፊ። ቻርጅ አይፈልግም፣ ማንም በስልኩ አያየውም። አንድ ቀን ከአሠሪሽ ጋር መነጋገር ወይም አቤት ማለት ቢያስፈልግ «በጣም ደክሞኛል» ከሚለው ቃል ይልቅ ቀንና ሰዓት የያዘ ደብተር የበለጠ ይሰማል።

ያች እኅታችን በቀጣዩ እሑድ አብራን በኮርኒሽ ተራመደች። አንድ ሰዓት ያህል እያወራን ሄድን። ስንቀመጥ «ስንት አለሽ?» ብለን ብንጠይቃት ሰዓቱን ቤት ትታው እንደመጣች ነገረችን።

እግዚአብሔር ጤናችንን ይጠብቅልን። ሠርተን የምናርፍበትን ጊዜ ይስጠን፤ በሰላም ለሀገራችን ያብቃን። አሜን።