የበጀት ዓመቱ፣ ክረምቱና የአርሲ መንገድ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶች ለፌዴራሉ መንግሥት የተሰጡ ሲሆን፣ የቀሩት የክልሎች ድርሻ ናቸው። ከአዳማ በአሰላ በኩል ወደ በቆጂ የሚዘልቀው አስፋልት በፌዴራሉ እጅ ያለ ነው፤ በአርሲ፣ በጭላሎና በካካ ተራሮች ግርጌ ስንዴና የቢራ ገብስ የሚያመርቱትን ቀበሌዎች ከዚህ አስፋልት ጋር የሚያገናኙት የጠጠር መንገዶች ግን በአብዛኛው የኦሮሚያ ክልል ኃላፊነት በመሆናቸው ጨረታቸውም የሚካሄደው በክልሉ የግዥ ሕግ ነው።

የግዥ ማሻሻያ ሲነሳ በስፋት የሚወሳው የፌዴራሉ ሕግ ነው። አዋጅ ቁጥር 430/1997 በአዋጅ ቁጥር 649/2001፣ ይህም በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል፤ ጨረታ የሚወጣበት፣ ሰነድ የሚቀርብበትና ዋጋ የሚከፈትበት የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓትም ሥራ ላይ ውሏል። ተጫራቹ የታሸገ ፖስታ ይዞ ከቢሮ ቢሮ መንከራተቱ መቅረቱ፣ ሰነዱም ከሰው እጅ መራቁ እውነተኛ መሻሻል ነው። ሆኖም ይህ ሁሉ የሚያጠራው በአብዛኛው እስከ አሸናፊው መለየት ያለውን ሂደት ሲሆን፣ የመንገድ ዋጋ በእውነት የሚወሰነው ግን ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው።

ከጨረታ በፊት አማካሪው መሐንዲስ የሥራ መጠን ዝርዝር ያዘጋጃል፤ ይህም የሚቆረጠውን አፈር፣ የሚነጠፈውን ጠጠርና የሚቀበረውን የውኃ ማስተላለፊያ ቱቦ በመጠን የሚያሰፍርና ተጫራቾች ሁሉ የነጠላ ዋጋቸውን የሚሞሉበት ሰነድ ነው። መረሬው አፈር ሲረጥብ አብጦ ሲደርቅ በሚሰነጠቅበት የአርሲ ሜዳ ላይ ያለ በቂ የአፈር ምርመራ የተዘጋጀ ዝርዝር ከግምት ብዙም አይርቅም። የተገመገመ ዝቅተኛ ዋጋ አሸናፊ በሚሆንበት ሥርዓት ደግሞ ጉድለቱን ቀድሞ ያየ ተቋራጭ ዝቅ ብሎ መግባት፣ ውሉ ከተፈረመ በኋላም በለውጥ ሥራ ትእዛዝ፣ ማለትም በውሉ ያልነበረ ሥራ እንዲጨመር በሚሰጥ ፈቃድ፣ የተወውን ማካካስ ይችላል። ጨረታው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ውድድሩ የይስሙላ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ከዚህ ያልተናነሰው፣ ነገር ግን በአዋጅ ክርክር ውስጥ ስፍራ የማያገኘው ጉዳይ የጊዜ አቆጣጠር ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን፣ ክረምቱ በበረታበት ሰሞን ይጀምራል። የጨረታ ማስታወቂያው ከበጀቱ መጽደቅ በኋላ ከወጣ፣ የጨረታው ቆይታ፣ ግምገማው፣ የቅሬታ ጊዜውና የአፈጻጸም ዋስትናው ተራ በተራ ተጠብቀው ውሉ ሲፈረም ታኅሣሥ ሊደርስ ይችላል። አርሲ ደግሞ የበልግ ዝናብም የሚያገኝ አገር በመሆኑ ግሬደር በአግባቡ የሚሠራበት ደረቅ ወቅት በዋናነት ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ነው፤ እርሱም የመኸሩ ምርት የሚሰበሰብበትና ወደ ገበያ የሚጫንበት ወቅት ነው። ተቋራጩ ማሽኑን ሲያስገባ በልጉ ይቀድመዋል፣ ሰኔ 30 ሲቃረብም ገንዘቡ እንዳይመለስ ተብሎ በጭቃ ላይ ጠጠር ይደፋል።

የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት የግዥ ሕጉን የሚያሻሽል ከሆነ የፌዴራሉን አዋጅ መገልበጥ አይበቃውም። የአፈር ምርመራው ያልተጠናቀቀ መንገድ ለጨረታ እንዳይወጣ፣ ውሉ በጀት ሲጸድቅ እንደሚፈረም በግልጽ እየተነገረ ማስታወቂያው ከሚያዝያ በፊት እንዲወጣ፣ ከውል በኋላ የተፈቀደ የዋጋ ጭማሪም ከነምክንያቱ መንገዱ በሚያልፍበት ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ መደንገግ ይኖርበታል።