የዓባይን በረሃ በብስክሌት ከመሻገርዎ በፊት

ለበጎ ሥራ ገንዘብ ለማሰባሰብ ረጅምና አድካሚ መንገድ በብስክሌት መጓዝ በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። ብስክሌተኛው ተራራውን ለመሻገር ቃል ይገባል፤ ወዳጅ ዘመዱ ደግሞ ለሕሙማን፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለንጹሕ ውኃ የአቅሙን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረውና ከካይሮ እስከ ኬፕታውን ወደ 12 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ቱር ዳፍሪክ የተባለው ጉዞም ለዓመታት ጎጃምን አቋርጦ በዓባይ በረሃ አልፏል። ከተሳታፊዎቹም መካከል ለበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚያሰባስቡ አሉ። ይህን ዓይተው በራሳቸው መንገድ ተመሳሳይ ጉዞ ለማድረግ የሚያስቡ ወጣቶች ቢኖሩ አይገርመኝም።

ሐሳቡን እደግፋለሁ። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሌላውን ለመርዳት የወጣ ሰው ሳይዘጋጅ ሄዶ መንገድ ላይ ቢወድቅ፣ ሊረዳው የወጣውን ኅብረተሰብ አምቡላንስና አልጋ ይይዛል። በገጠር አንድ አምቡላንስ ለብስክሌተኛ ሲወጣ፣ ምጥ የያዛት እናት ልትጠብቅ ትችላለች። ስለዚህ የጤና ዝግጅት ራሱ የበጎ ሥራው አካል ነው ብዬ አምናለሁ።

መንገዱን እንመልከት። ከቡሬ ተነሥተው በፍኖተ ሰላም፣ በደምበጫና በደብረ ማርቆስ አድርገው ወደ አዲስ አበባ ቢጓዙ እስከ ደጀን ድረስ ዳገቱም ቁልቁለቱም የሚቻል ነው። ፈተናው ከደጀን በኋላ ይመጣል። ደጀን ወደ 2 ሺህ 400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ድልድዩ ያለበት የወንዙ ዳር ደግሞ 1 ሺህ 100 ሜትር ገደማ። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት ነው። ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር ሲቀንስ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ደጀን ላይ ሹራብ ያስለበሰዎት አየር ወንዙ ዘንድ ወደ 8 ዲግሪ ያህል ሞቆ ይጠብቅዎታል። ከባዱ ዳገት የሚጀምረውም እዚያው ሙቀት ውስጥ ነው።

በመጀመሪያ ልብዎን ያስመርምሩ። «ወጣት ነኝ፣ ምንም አይነካኝም» የሚለው አባባል በአገራችን አያስተማምንም። በልጅነት በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብ ቫልቭን ሊጎዳ ይችላል። ይህ ሕመም ያለበት ወጣት ሜዳ ላይ ሲሄድ ደህና ይመስላል፤ ዳገት ሲወጣ ግን ከእኩዮቹ ቀድሞ ትንፋሽ ያጥረዋል። ደረትዎን የሚወጋዎት ወይም የሚጨንቅዎት፣ በእንቅስቃሴ መካከል ራስዎን ስተው የሚያውቁ፣ ወይም ከቤተሰብዎ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ ሐኪም ሳያዩ አይነሡ። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የአስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለባቸውም እንዲሁ። ከዝቅተኛ ቦታ የሚመጡ፣ በተለይም ከውጭ አገር ለዚሁ ጉዞ የሚገቡ ወገኖች፣ ጥቂት ቀናት አርፈው ከፍታውን ይልመዱ። በ2 ሺህ 400 ሜትር ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል።

ልምምዱም በአንድ ሳምንት አያልቅም። ቢያንስ ለሁለትና ለሦስት ወራት ርቀቱንና ዳገቱን ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ከጉዞው በፊት ባሉት የመጨረሻ ቀናት ሰውነትዎን ያሳርፉ።

ስለ ውኃ ደግሞ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው አለመጠጣት ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ለሰዓታት እያላበዎት ተራ ውኃ ብቻ ከልክ በላይ መጠጣት ነው። በላብ የወጣው ጨው ሳይተካ ውኃው ሲበዛ ደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲብስም መደናገርና መንቀጥቀጥ ያስከትላል። ስለዚህ ሲጠማዎት ይጠጡ፤ ከውኃው ጋር በመመሪያው መሠረት የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ ይያዙ፤ ጨው ያለው ምግብም ይብሉ። ለስንቅ ከውጭ የሚመጣ ውድ ነገር አያስፈልግዎትም። የጎጃም መንገደኛ የኖረበት በሶና ጭብጦ፣ ዳቦና ሙዝ ለዚህ ጉዞ ጥሩ ስንቅ ናቸው። በጾም ሰዓት ምግብና ውኃ የማይቀምሱ ከሆነ ግን ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

ሕመም እንዳይሰማዎት አስቀድመው እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችን አይውሰዱ። ውኃ ያጠረውን ኩላሊት ይጎዳሉ። ሽንትዎ እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ ጡንቻዎ እየተጎዳ ሊሆን ስለሚችል ጉዞውን አቁመው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ቁልቁለቱን በዝግታ ይውረዱ። ፍሬን ይዘው አይቆዩ፤ ሳብ ለቀቅ እያደረጉ ያቀዝቅዙት። ሄልሜትዎን አይተው። መንገዱ የከባድ መኪና መንገድ ስለሆነ በጨለማ አይጓዙ።

አንድ ጓደኛዎ በሙቀቱ መካከል መንገዳገድ፣ መቀባጠር ወይም ራሱን መሳት ከጀመረ የሙቀት ምት ሊሆን ይችላል። ላብ እያላበውም ቢሆን አይዘናጉ። ወደ ጥላ ያግቡት፣ ልብሱን ያውልቁለት፣ መላ ሰውነቱን በውኃ እያራሱ ያናፍሱት፤ እያቀዘቀዙም ወደ ሆስፒታል ያድርሱት። ራሱን ለሳተ ወይም ለተደናገረ ሰው በአፉ ምንም አይስጡ።

በመጨረሻ ለአዘጋጆችና ለለጋሾች የምለው አለኝ። አዘጋጆች ሆይ፣ ከተሳታፊዎች ጋር የሚሄድ መኪና፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ የሚያውቅ ባለሙያ እና በመንገዱ ላይ ላሉ ሆስፒታሎች፣ ለምሳሌ ለፍኖተ ሰላምና ለደብረ ማርቆስ፣ አስቀድሞ የተነገረ ዕቅድ ይኑራችሁ። ለዚህ የሚወጣው ወጪ ከበጎ አድራጎቱ የተቀነሰ መስሎ አይታያችሁ። ለጋሾች ሆይ፣ «ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ ሁሉ «ማን ይከተላችኋል? ተመርምራችኋል?» ብላችሁም ጠይቁ። ብሩን የምትሰጡት እናንተ ናችሁና ጥያቄያችሁ ይሰማል።

ከዳገቱ አጋማሽ ላይ ደክሞት በመኪና የተሳፈረ ሰው ቃሉን አላጠፋም። የሰበሰበው ገንዘብ ለታሰበለት ሰው ይደርሳል፤ እርሱም በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ይሞክራል።

መልካም ጤንነት ለሁላችን!