አታንሱኝ

ሰው ተዝለፍልፎ ሲወድቅ በአገራችን ሦስት ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። «አንሱት!»፣ «ውሃ አምጡ!»፣ «ክብሪት ጫሩ!» ከልጅነቴ ጀምሮ ራሴን የምስት ሰው ስለሆንኩ ሦስቱንም መሬት ላይ ተጋድሜ ሰምቻቸዋለሁ። በውሃውና በክብሪቱ ብዙም ቅሬታ የለኝም። ጠቤ ከ«አንሱት» ጋር ነው።

የስቅለትን ዕለት እንውሰድ። ከጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ወዲህ እህልም ውሃም ያልቀመሰ ምእመን ከጠዋት ጀምሮ ይሰግዳል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይሰግዳል። ፀሐዩ የሚያዝያ ነው፤ ነጠላው በላብ ርሷል። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሲሆን የማውቀው ነገር ይጀምረኛል። መጀመሪያ ያዛጋኛል፤ ቀጥሎ ሆዴ ይገለባበጣል፤ ቀዝቃዛ ላብ ከግንባሬ ይወርዳል። የካህኑ ድምፅ ከጉድጓድ እንደሚወጣ እየራቀ ይሄዳል፤ ጆሮዬ ጭው ይላል፤ ዓይኔ ከዳር ወደ መሀል ይጨልማል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚነግሩኝ ሌሎች ናቸው።

የሚነግሩኝ ደግሞ ሁሌም ያው ነው። አንዱ በብብቴ ገብቶ ቀና ያደርገኛል፤ ሌላው ከኋላ ይደግፈኛል፤ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ ያራግቡልኛል። «የሰው ዓይን ነው» የሚል አለ፤ «ጾሙ ጎድቶት ነው» የሚል አለ። ሴት ብሆን ኖሮ ምርመራው ከእርግዝና በጀመረ ነበር። እነሱ ቀና ባደረጉኝ ቁጥር ግን እኔ ተመልሼ እሄዳለሁ።

ምክንያቱ የምሥጢር አይደለም። ሰው ሲቆም ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ወደ እግሩና ወደ ሆዱ ይወርዳል። በደህናው ቀን የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ልብ ምቱን ያፈጥናል፣ የባት ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። ውሃ ጥም፣ ሙቀት፣ ሕመም፣ ድንጋጤ ወይም ደም ማየት ይህን ሥርዓት ሲያዛባው ነገሩ ይገለበጣል፤ መፍጠን የሚገባው ልብ ይዘገያል፣ መጥበብ የሚገባቸው ሥሮች ይሰፋሉ፣ የደም ግፊቱ ያሽቆለቁላል። አንጎል ደም ጨርሶ ከተቋረጠበት የሚታገሠው ከ6 እስከ 8 ሰከንድ ብቻ ነው። ያኔ ሰውነት ይወድቃል። ጭንቅላት ከልብ እኩል ሲጋደም ደሙ ዳገት መውጣቱ ይቀርለታል፤ ስለዚህ መጋደሙ ራሱ መድኃኒት ነው። ደጋግ ሰዎች የሚነጥቁኝ ይህንኑ ነው። እንዲያውም ከወደቀው ይልቅ በሕዝብ መሀል ተጣብቆ መውደቂያ ያጣው ነው የሚያሳስበኝ።

በእርግጥ «አንሱት» የሚባለው በክፋት አይደለም። በእኛ ዘንድ የተዘረረን ሰው ቆሞ ማየት ነውር ነው። የወደቀውም ነውሩን ያውቀዋል፤ ዓይኑን እንደገለጠ «ምንም አልሆንኩም» እያለ የሚፍጨረጨረው ለዚህ ነው። ይህ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. ሰኔ ላይ ለንደን ውስጥ፣ በልዑል ዊልያም ፊት ለሰልፍ ልምምድ የቆሙ ቢያንስ ሦስት ወታደሮች፣ በ30 ዲግሪ ሙቀት የሱፍ ኮትና የድብ ቆዳ ባርኔጣ እንዳጠለቁ ወድቀዋል። አንዱ ትሮምቦን ነፊ ተነሥቶ ሊነፋ ሲታገል በቪዲዮ ታይቷል። ተኛ የሚለው አጥቶ እንጂ፣ ሙዚቃው ያለሱም አይቆምም ነበር።

ክብሪቱን በተመለከተ፣ የድኙ ጭስ አፍንጫን ስለሚቆጠቁጥ ያባንናል። ግን ተራ ራስን መሳት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ክብሪት ያለው ሰው ተፈልጎ፣ ተጭሮ፣ አፍንጫ ሥር እስኪደርስ ድረስ ሰውየው በራሱ ጊዜ ነቅቷል፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን ክብሪቱ ነው። ውሃው ፊት ላይ ይረጭ፤ ባልነቃ ሰው አፍ ውስጥ ግን አይንቆርቆር፣ ትን ይለዋል። ከዚህ ሁሉ በጀርባዬ አጋድማችሁ እግሬን ከፍ ብታደርጉልኝ፣ ቀበቶዬን ብታላሉልኝ ይበቃኛል።

ሁሉም መውደቅ ግን አንድ አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. ሰኔ ላይ ዴንማርክ ከፊንላንድ ስትጫወት የዴንማርኩ እግር ኳስ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን ኮፐንሀገን ሜዳ ላይ ሲወድቅ ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን አይተናል። እሱ የገጠመው የልብ መቆም ነበር፤ ያተረፉትም ደረቱን በመጫንና በኤሌክትሪክ ንዝረት ነው። የወደቀው ሰው ካልነቃና በደንብ ካልተነፈሰ እግር ማንሣቱ ይቅርና ደረቱ ይጫን፣ አምቡላንስ ይጠራ። እየሮጠ ወይም ተኝቶ ሳለ ራሱን የሚስት፣ ያለ ምንም ምልክት ድንገት የሚወድቅ፣ ከዘመዶቹ መካከል በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ያለበት ሰውም «ጾሙ ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ ሊሸኝ አይገባም። ልቡ ይመርመር።

እኔ እንኳ ልቤን ተመርምሬ ደህና ነህ ተብያለሁ። ማዛጋቱ ሲጀምረኝ እግሬን አጣምሬ ጭኔንና ቂጤን አጥብቄ እወጥራለሁ፤ ይህ ግፊቱን ትንሽ ያነሣዋል፤ ካልሆነም ቦታ ሳልመርጥ ቁጭ እላለሁ። በስግደት መሀል ቁጭ ሲሉ የሚገላምጥ አይጠፋም። ላቦራቶሪ ደም ልሰጥ ስገባም ወንበሩን አልፌ አልጋውን ነው የምጠይቀው።

«ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ መርፌ ይፈራሉ?» ትለኛለች ባለሙያዋ እየሳቀች።

«መርፌውንስ አልፈራም፤ የምፈራው ሴራሚኩን ነው» እላታለሁ ጫማዬን እያወለቅሁ።