‹‹ጓያ አትብሉ›› ማለት ቀላል ነው

እስቲ ዓይናችሁን ጨፍኑና ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉት። ሳታዩት የት እንዳለ ታውቃላችሁ አይደል? ነጋሪው በየጡንቻው ውስጥ ያለ፣ እንዝርት የመሰለ ጥቃቅን የስሜት አካል ነው። ጡንቻው ሲለጠጥ አብሮ ይለጠጥና ምን ያህል፣ በምን ፍጥነት እንደረዘመ ለሕብለ ሰረሰር ያሳብቃል። ሕብለ ሰረሰርም አንጎልን ሳይጠብቅ ‹‹ተኮማተር!›› ይላል። ሐኪም ከጉልበት ሥር በመዶሻ መታ ሲያደርግ እግራችን የሚወነጨፈው ለዚህ ነው። (ትምህርት ቤት አምስቱን የስሜት ሕዋሳት ብቻ አስሸምድደው ሸኙን እንጂ!)

ታዲያ ይሄ ከደቡብ ጎንደር ጋር ምን አገናኘው? ጓያ!

ጓያ ክረምቱ ሲወጣ ፎገራ ሜዳ ላይ በቀረችው እርጥበት የሚበቅል፣ ድርቅ የማይበግረው እህል ነው። ሌላው ሰብል ሲከዳ እሱ አይከዳም። ግን ለሁለት ለሦስት ወር ዋና ምግብ ሲሆን፣ ኦዳፕ የተባለው መርዙ ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱትን ነርቮች ይጎዳል። የጡንቻው እንዝርት ምንም አልሆነም፤ እንደወትሮው ‹‹ተለጠጥኩ›› ይላል። የጠፋው ከላይ ሆኖ ‹‹ቀስ በል›› የሚለው ነው። እናም ሰውየው በተራመደ ቁጥር ባቱ ሲለጠጥ መልሶ ጭምድድ ይላል፤ ተረከዙ መሬት አይነካም፣ ጭኖቹ ይቆላለፋሉ። አንዱ በአንድ ዘንግ፣ ሌላው በሁለት ምርኩዝ፣ የባሰበት በዳዴ። የሚበዙት ወጣት ወንዶች ናቸው። ደግሞም አይድንም።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ደንቢያና ፎገራን ቤት ለቤት ዞረው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ በአማካይ ከ1,000 ሰው 6ቱ ላይ ይህን በሽታ አግኝተዋል።

‹‹አትብሉ›› የሚለው ምክር የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ጎበዝ፣ ጎተራው ባዶ የሆነበት ሰው ምን ይብላ? ይልቅ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን እንደሚቀንሰው (ፈጽሞ አያጠፋውም!)፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀልም እንደሚረዳ ይነገረው። ጥፋቱ የእንፋሎቱ ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች አሉ፤ ከድስቱ እየሸሹ ንፍሮውን ይበላሉ። እርዳታም ቢሆን በሦስተኛው ወር ሲደርስ ለሆድ ይደርስ ይሆናል፣ እግሩ ግን ሄዷል።

ስንት ኩንታል ጓያ ተመረተ ብሎ መቁጠርማ ማንም ይቆጥራል። ስንት ቤት ጓያ ብቻ እየበላ ነው ብሎ የሚቆጥር ነው የሚያስፈልገን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት መዞሯ ካልቀረ፣ ይህችን አንድ ጥያቄ ትጨምርልን።