ያገለገለ የካምፕ መኪና ሊገዛ ሲታሰብ

በዚህ ዓምድ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ክትባትና ስለ ሕፃናት አመጋገብ ስጽፍ የለመዳችሁኝ አንባቢዎቼ፣ የዛሬውን ርዕስ ስታዩ «ሲስተር ደግሞ መካኒክ ሆነች እንዴ?» ሳትሉ አትቀሩም። አልሆንኩም። ሞተሩን ለባለሙያው እተዋለሁ። ግን የዚህ ዓይነት መኪና ከሚያመጣው ጣጣ ብዙው የሞተር ሳይሆን የሳንባ፣ የደምና የአጥንት ነው፤ እሱን ደግሞ ከ30 ዓመት በላይ በሥራ አውቀዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ያሉት ልጆቻችን ትዳር ይዘው፣ ወልደው፣ የእነሱ የበጋ ዕረፍት ሲደርስ እኛን አያቶችን አስመጥተው አገር ሊያሳዩን ይፈልጋሉ። ለአምስት ሰው በየከተማው ሆቴል መያዝ ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና መጸዳጃ በውስጡ ያለው ትንሽ መኪና እንግዛ ይላሉ፤ «ካምፐር ቫን» ወይም «አር ቪ» የሚሉት ነው። ትንሹ ዓይነት በአብዛኛው በፎርድ ትራንዚት፣ በራም ፕሮማስተር ወይም በመርሴዲስ ስፕሪንተር ላይ የተሠራ ነው። አዲሱ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ስለሚጠየቅበት ብዙ ቤተሰብ የሚያማትረው ያገለገለውን ነው። ልጄ ሜሪላንድ ውስጥ ስትፈልግ ሦስቱን አብሬያት ሄጄ አይቻለሁ። ከተመለስኩ በኋላም ሁለት እናቶች «ልጆቻችን ሊገዙ ነው፣ ምን እንበላቸው?» ብለው ጠይቀውኛል።

መጀመሪያ አፍንጫችሁን አስቀድሙ። ሻጩ መኪናውን ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ በርና መስኮቱን ዘግቶ እንዲያቆየው፣ ሞተሩንም እናንተ ሳትደርሱ እንዳያስነሳ ልጆቻችሁ ቀድመው ይንገሩት። በሩ ሲከፈት የምትስቡት የመጀመሪያው ትንፋሽ ከሻጩ የአንድ ሰዓት ወሬ ይበልጣል። የሻጋታ ወይም የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ካለ ውሃ በጣሪያ ወይም በመስኮት ዳር ገብቷል ማለት ነው። ካየናቸው አንዱ ዘንድ ስንደርስ በሮቹ ሁሉ ተበርግደው፣ የመኪና ሽቶ ሦስት ቦታ ተንጠልጥሎ ጠበቀን። ልጄ «እንዴት ንጹሕ ነው!» አለች። እኔ ፍራሹን አንስቼ ከሥሩ ያለውን እንጨት በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ ራሰ ዳቦ ሰመጠ። አመስግነን ወጣን።

ጣሪያው ላይ ማራገቢያ፣ የአየር ማቀዝቀዣ ወይም የሶላር ሰሌዳ ለመግጠም የተበሳ ቦታ ሁሉ የውሃ በር ነው። በዙሪያው ያለው ማሸጊያ ደርቆ ተሰነጣጥቆ እንደሆነ መሰላል አስመጥቶ ማየት ነው። ውስጥ ደግሞ የቁም ሳጥኖቹን የላይኛ ማዕዘን በባትሪ መብራት ተመልከቱ፤ ቡናማ የውሃ መስመር ይፈልጋል። መታጠቢያውና በሩ አጠገብ ወለሉን በተረከዝ ረገጥ ረገጥ አድርጉ። በሙሉ ብረት ከሆነው ቫን ይልቅ ከኋላ ቤት የተቀጠለበት ዓይነት በመገጣጠሚያው በኩል ውሃ ማስገባት ይወዳል። አስም ያለበት ልጅ ሻጋታ ባለበት፣ ከአንድ ጠባብ ክፍል በማይበልጥ ቦታ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ ማደሩን አስቡት። በዚህ ምክንያት «ቀለም ብንቀባው ይጠፋል» የሚል ሻጭ አልወድም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በሥራ ዘመኔ ድንገተኛ ክፍል ከተቀበልኳቸው ሁሉ ከዓይኔ የማይጠፉት፣ በብርድ ወራት ከሰል ቤት አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ቤተሰቦች ናቸው። እናት፣ አባት፣ ልጆች፣ አንዳንዴም ሠራተኛዋ በአንድ ሌሊት። ያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ በካምፕ መኪና ውስጥም አለ። ማሞቂያው በጋዝ ይሠራል፣ ምድጃው በጋዝ ይሠራል፣ አንዳንዱ ጀነሬተር አለው፣ ከሥር ደግሞ የሞተሩ ጭስ ማውጫ ያልፋል። ከእነዚህ አንዱ በደንብ ካልነደደ ወይም ጭሱ ወደ ውስጥ ካፈሰሰ መዘዙ ከከሰሉ አይለይም። ጋዙ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅኑ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ከዚያ ልብም አንጎልም ይራባሉ። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝ፣ ጉልበት ማጣት ነው። ሁሉም ሰው አንድ ላይ «ራሴን አመመኝ» ካለና ወደ ውጭ ሲወጣ ከተሻለው ጉንፋን አይደለም። አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ብዙዎቻችን ከኮቪድ ወዲህ ቤት ያስቀመጥነው፣ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ይህን መመረዝ አያሳይም። ሰውየው እየተመረዘ መለኪያው 98 ሊል ይችላል።

ስለዚህ መኪናው ውስጥ ሁለት ዓይነት የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ፈልጉ። አንደኛው የካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን በመኝታው አቅራቢያ ይሆናል። ሁለተኛው የፕሮፔን ነው፤ ፕሮፔን እንደ እኛ ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድና ወለል ላይ ስለሚተኛ መሣሪያው ወደ ታች፣ ከወለሉ አጠገብ ይገጠማል። ቁልፉን ተጭናችሁ ድምፅ ማሰማቱን አትመኑት፤ ያ የሚያሳየው ጩኸቱ መሥራቱን ብቻ ነው። ከግድግዳው አውርዳችሁ ጀርባውን አንብቡ። የሚያሸተው ክፍል ዕድሜ አለው፤ በብዙዎቹ ላይ ከተሠራ ከ5 እስከ 7 ዓመት ነው፣ ቀኑም ተጽፎበታል። ካለፈ መቀየሪያው ከአንድ ሌሊት የሆቴል ኪራይ ያንሳል። ግን ሻጩ ጊዜው ያለፈበት መሣሪያ ይዞ ቤተሰቡን ሲያሳድር ከከረመ፣ የቀረውንም እንዴት እንደያዘው ይነግራችኋል።

ከዚያ ምድጃውን ለኩሱ። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ሆኖ የሚወዛወዝ፣ ድስት የሚያጠቁር ከሆነ በደንብ አይነድም። ማሞቂያውን አብሩና ወደ ውጭ ዙሩ፤ የጭሱ መውጫ ዙሪያ ጥላሸት ካለው፣ ወይም ተርብ ቤቱን ሠርቶበት ከሆነ (ይህ የተለመደ ነው፣ ቦታው ይመቻቸዋል) ሳይጸዳና ሳይመረመር አይተኛበትም። የጋዝ ቧንቧዎቹን መገጣጠሚያ በሳሙና አረፋ ቀቡ፤ አረፋው ከተነፋ ይፈስሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ካያችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ራቁ። ይህ ሁሉ ቢደረግም የጋዙን መስመር ግፊት በፈቃድ ያለው ባለሙያ ማስለካት ግድ ነው። ምድጃውን ለማሞቂያነት መጠቀም ደግሞ ከሰል ከማስገባት እኩል ነው፤ ምግብ ሲበስልም መስኮት ይከፈታል።

ሌላው አያቶች የምንከራከርበት የመቀመጫ ነገር ነው። ማስታወቂያው «4 ሰው ያስተኛል» ይላል። አራት ሰው ማስተኛትና አራት ሰው ይዞ መሄድ ግን ለየቅል ናቸው። ወደፊት የሚያዩ፣ ቀበቶ ያላቸውን መቀመጫዎች ቁጠሩ። የልጅ መቀመጫ ወደ ጎን በሚያይ ወይም ወደ ኋላ በሚያይ ሶፋ ላይ አይታሰርም። ቀበቶው የታሰረው ከመኪናው ብረት ጋር ነው ወይስ ከእንጨት ሳጥን ጋር? ትራሱን አንሥታችሁ እዩ። የልጁን መቀመጫ ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ግጠሙት። እየተጓዙ አልጋው ላይ መተኛት የሚባል ነገርም የለም፤ ለሕፃንም ለአያትም።

ክብደቱን ብዙ ሰው አያስበውም። በሩ አካባቢ ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ተሳፋሪና ዕቃ ተደምሮ ከስንት ፓውንድ እንዳይበልጥ ይናገራል። 900 ፓውንድ ይላል እንበል፤ 408 ኪሎ ገደማ ነው። ባልና ሚስት 150፣ አያት 65፣ ሁለት ልጆች 45፣ ድምሩ 260 ኪሎ ሆነ። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው። የቀረው 50 ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ልብሱ፣ ብርድ ልብሱ፣ ብስክሌቱ፣ እኛ ከአዲስ አበባ ያመጣነው ሽሮና በርበሬ ገና አልተጫነም! ከልክ በላይ የተጫነ መኪና ፍሬኑ ይደክማል፣ ጎማው ይፈነዳል። ጎማው ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ፤ 2317 ካለ በ2017 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። የካምፕ መኪና ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለሚኖር ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል። ጥርሱ ጥሩ ነው ብላችሁ አትታለሉ።

ከቆመበት ጋር የሚመጣ ሌላ ጣጣ አይጥ ነው። መሳቢያ ውስጥ ጥቁር ሩዝ የመሰለ ኩስ ካያችሁ በመጥረጊያ እንዳትነኩት። በአሜሪካ አንዳንድ የዱር አይጦች ሃንታ የሚባል ቫይረስ ይይዛሉ፤ ደረቁ አቧራ ሲተነፈስ ሳንባ ያጠቃል። በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ አርሶ፣ ጓንት አድርጎ መጥረግ ነው። አይጥ ሽቦ ስለምትበላ ለኤሌክትሪኩም ክፉ ምልክት ነው። የውሃ ታንከሩም ለወራት የቆመ ውሃ ይዞ ሊሆን ይችላል። ከመጠጣታችሁ በፊት ለ60 ሊትር ውሃ ሩብ ኩባያ ያህል ሽቶ የሌለው በረኪና ጨምራችሁ፣ በቧንቧዎቹ ሁሉ አስወጥታችሁ፣ ጥቂት ሰዓት አቆይታችሁ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ አለቅልቁት።

ወረቀቱን በአጭሩ ልበል። የእኛ ሊብሬ ቦታ ላይ እነሱ «ታይትል» የሚሉት አለ። 17 ፊደልና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥር በመስታወቱ ሥር፣ በበሩና በታይትሉ ላይ አንድ መሆን አለበት። «ሳልቬጅ» ወይም «ፍለድ» የሚል ቃል ካለበት መኪናው ተሰባብሮ ወይም ጎርፍ ገብቶበት ያውቃል። በ2017 ሃርቪ ቴክሳስን፣ በ2022 ኢያን ፍሎሪዳን ከመቱ በኋላ ጎርፍ የጠጡ መኪኖች ታጥበው ወደ ሌሎች ግዛቶች ተሽጠዋል። የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትቱ፤ የጭቃ መስመር ካለ ነገሩ አለቀ። የሻንሲውን ቁጥር በመንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኤን.ኤች.ቲ.ኤስ.ኤ. በሚባለው በኩል በነፃ ብታስገቡ ፋብሪካው ለጥገና ጠርቶት ያልተጠገነ ነገር እንዳለ ያሳያል።

ሞተሩ ከቀዝቃዛ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ ነው፤ የማይጠፋ ነጭ ጭስ የራዲያተር ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። የቀረውን መካኒክ ይይ። የቤቱን ክፍል ብቻ የሚመረምሩ ባለሙያዎችም አሉ፤ ጥቂት መቶ ዶላር ይጠይቃሉ። ሻጩ «መርማሪ አላስገባም» ካለ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል።

አያት የሆናችሁ ደግሞ አትፈሩ፣ አልጋው ላይ ወጥታችሁ 10 ደቂቃ ተኙ። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ወደ መጸዳጃው ለመሄድ ሞክሩ። ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚነሳ አባት፣ ጉልበቷን ለሚያማት እናት፣ ከፍ ያለ አልጋና የሚይዙት እጀታ የሌለው ደረጃ የዳሌ ስብራት መንገድ ነው። ልጆቻችን ይህን አያዩትም፤ ወጣት ናቸው። እጀታ ማስገጠም ርካሽ ነው፣ አልጋውን ዝቅ ማድረግ ግን ከባድ ነው። ኢንሱሊን የምትወስዱ ከሆነ ፍሪጁ ውስጥ ቴርሞሜትር አስቀምጡ። ያልተከፈተው ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት አለበት፤ ከቀዘቀዘ በረዶ ሆኖ ከተበላሸ ይጣላል። በጋዝ የሚሠራው ፍሪጅ ለመቀዝቀዝ ሰዓታት ይፈልጋል፣ መኪናው ዘንበል ካለም አይሠራም፤ ስለዚህ ሻጩ ከዋዜማው እንዲያበራው ይጠየቅ። ስትከፍቱት አፍንጫ የሚሰነጥቅ የአሞንያ ሽታ ካለ ፍሪጁ አልቆለታል።

ልጆቹ ገዝተው ካመጡት በኋላ በቀጥታ ወደ ሩቅ ተራራ አይነዱት። የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ይተኙበት፤ ማሞቂያው በርቶ፣ ፍሪጁ ሞልቶ፣ ውሃው ተቀድቶ፣ አዲሱ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ተሰቅሎ። የሚያፈስሰው ያፈሳል፣ የሚጮኸው ይጮሃል፣ ቤቱ ደግሞ አሥር እርምጃ ላይ ነው። የልጅ ልጆቼ ያን ሌሊት ከሄዱበት አገር ሁሉ አብልጠው ያወሩታል።